60 ሚሊዮን ክሬዲት ይዤ ከኮብራ ወደ የትኛዋ የጦር መርከብ ልሻገር?

ኮብራ_አብራሪ

በጠፈር ጨዋታው በኤሊት ዴንጀረስ እስካሁን የምበርረው በኮብራ ማርክ 3 ነው። ሥራዬ ወንበዴ ማደን ነው፤ ማዕድን በሚወጣባቸው የፕላኔት ቀለበቶች ውስጥ እየዞርኩ በሕግ የሚፈለጉትን እመታለሁ፣ ሽልማታቸውን እሰበስባለሁ። ከኢግል፣ ከቫይፐር ወይም ከሌላ ኮብራ ጋር ስገናኝ ችግር የለብኝም። ግዙፏ መርከብ አናኮንዳ ስትመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጋሻዋን እንደምንም አወርደዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ብረቷን ብተኩስ ብተኩስ ቁጥሩ ፈቅ አይልም። እኔ እዚያ ስደክም አጃቢዎቿ ከኋላዬ ይደርሳሉ።

60 ሚሊዮን ክሬዲት ገደማ አጠራቅሜያለሁ። ዓይኔ ያረፈው በአራት መርከቦች ላይ ነው፦ ቫልቸር፣ አላያንስ ቺፍተን፣ ክሬት ማርክ 2 እና ፈር-ደ-ላንስ። ልቤ ወደ ፈር-ደ-ላንስ ያዘነብላል፤ ቆማ እንኳ የምታስፈራ ናት። የምጫወተው ብቻዬን፣ በመዳፊትና በኪቦርድ ነው፤ ጆይስቲክ የለኝም። ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር የመዋጋት ሐሳብም የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ደመነፍስ

ፈር-ደ-ላንስ። ሌላው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው።

ብረት_ለበስ

ደመነፍስ ምክሩን አሳጥሮታል፤ ሒሳቡን እኔ ልጨርስለት።

ፈር-ደ-ላንስ ባዶዋን ወደ 51.5 ሚሊዮን ትሸጣለች። ጠያቂው 60 ሚሊዮን አለው፤ ስለዚህ በእጁ የሚቀረው 8.5 ሚሊዮን ብቻ ነው። መርከብ ስትገዛ አብሮ የሚመጣው ዕቃ ደግሞ ኢ ደረጃ፣ ማለትም ከሁሉም ደካማው ነው። ለእሷ የሚገባው ባለ 6 መጠን ኤ ደረጃ፣ ማለትም ከሁሉም ምርጡ፣ የኃይል ማመንጫ ብቻውን ከ16 ሚሊዮን ይበልጣል። ገፊ ሞተሮቹን ወደ ኤ ማሳደግ ሌላ 5 ሚሊዮን ይጠይቃል። ወታደራዊው የብረት ልባስ የመርከቧን ዋጋ 90 በመቶ ያህል ያስከፍላል። ጋሻውን፣ የኃይል ማከፋፈያውን፣ መሣሪያዎቹን ገና አልነካንም።

ከዚያ ደግሞ መልሶ መግዣው አለ። መርከብህ ከወደመች የምትመልሳት የሙሉ ዋጋዋን 5 በመቶ ከፍለህ ነው፤ ሙሉ ዋጋ ስንል የተገጠመላት ዕቃ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። በደንብ የታጠቀች ፈር-ደ-ላንስ ከ100 ሚሊዮን ታልፋለች፤ በአንድ ሞት ከ5 ሚሊዮን በላይ ይሄዳል። መክፈል ካልቻልክ መርከቧ ቀረች፣ የጀማሪዋን ትንሽ መርከብ ሳይድዋይንደርን ይዘህ እንደገና ጀምር። 60 ሚሊዮን ያለው ሰው 51 ሚሊዮኑን ባዶ መርከብ ላይ ካፈሰሰ መዋጋቱ ቀርቶ መርከቡን ሲጠብቅ ይኖራል።

ሰባተኛዋ_ጨረቃ

የብረት_ለበስን ሒሳብ እቀበላለሁ፤ ጥያቄው ግን ከዋጋ በፊት የሚጀምር ይመስለኛል። ኮብራህ አናኮንዳን ለምን እንደማትጎዳ ሳታውቅ መርከብ ብትቀይር፣ ያው ችግር በአዲሷ ላይም ሊከተልህ ይችላል።

በጨዋታው እያንዳንዱ መሣሪያ የመብሳት አቅም አለው፤ እያንዳንዱ መርከብ ደግሞ የብረት ጥንካሬ አለው። የመሣሪያው ቁጥር ከብረቱ ቁጥር ካነሰ ጉዳቱ በዚያው ልክ ይቀነሳል። የአናኮንዳ ጥንካሬ 65 ነው። ትንሿ መትረየስ የመብሳት አቅሟ 22 ነው፤ ስለዚህ ከምትተኩሰው ውስጥ ብረቱን የሚነካው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። መካከለኛዋ 37 ስለሆነች ከግማሽ ትንሽ ከፍ ትላለች። ትልቋ 54 ናት፤ ከ80 በመቶ በላይ ይገባላታል። ኮብራ ሁለት መካከለኛና ሁለት ትንንሽ የመሣሪያ መትከያ ነው ያላት። እንግዲህ ፈቅ የማይለው ለዚህ ነው፤ የአንተ እጅ አይደለም።

በመትከያ ብዛት መርከብ የሚመርጡ ሰዎች ሁልጊዜ ይገርሙኛል። ቫልቸር ሁለት መትከያ ብቻ ነው ያላት፤ ሁለቱም ግን ትልልቅ ናቸው። በወረቀት ላይ ከኮብራ ያነሰች ትመስላለች፤ አናኮንዳ ፊት ስትቆም ግን ሌላ ታሪክ ነው። በዚያ ላይ የኮብራ የኃይል ማከፋፈያ 3 መጠን ሲሆን የቫልቸር 5 ነው፤ ሌዘሩ ሳይቋረጥ ብዙ ይተኮሳል። መዞር ደግሞ ታውቃለች! አናኮንዳ አፍንጫዋን ወደ አንተ እስክትመልስ ድረስ አንተ ሆዷ ሥር ወይም ጅራቷ ላይ ነህ። ዋጋዋ 5 ሚሊዮን አይሞላም። በትንሹ ማረፊያ ላይ ስለምትገባ የትም ጣቢያ አያስቸግርህም።

አንድ ትልቅ ጉድለት አላት፤ ኃይል። የማመንጫዋ መጠን 4 ነው፤ ከኮብራህ ጋር እኩል። ኤ ደረጃው 15.6 ሜጋዋት ይሰጣል፣ ከዚያ በላይ የለም። በዚያ መጠን ባለ 5 ጋሻ፣ ሁለት ትልልቅ መሣሪያና ሞተሮቹን ማኖር አለብህ። ቫልቸር ገዝቶ ዕቃ መግጠም የጀመረ ሰው ሁሉ የሚማረረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ እያንዳንዱን ዕቃ ለምን እንደምትገጥም እንድታስብ ታስገድድሃለች።

ኮብራ_አብራሪ

ሲሶው ብቻ! ለዚህ ነው እንዴ! አመሰግናለሁ እህቴ፤ ይህንን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ስለ ኃይሉ ግን ፈራሁ። ቫልቸር መሣሪያ ስታወጣ ሁሉ ነገር ይጠፋባታል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ሰባተኛዋ_ጨረቃ

ካላስተካከልከው እውነት ነው። በቀኝ በኩል ባለው ሰሌዳ ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከ1 እስከ 5 ቅድሚያ መስጠት ትችላለህ። ኃይል ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው 5 ቁጥር ነው። በውጊያ ላይ የማያስፈልጉህን ወደታች አውርዳቸው፤ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያሻግርህን የዝላይ ሞተር፣ የጭነት በሩን፣ እንዲሁም የነዳጅ መሰብሰቢያ ካለህ እሱን። መሣሪያ ስታወጣ እነዚህ ይጠፋሉ፣ ስትከት ይመለሳሉ። መሣሪያ አውጥተህ መዝለል ስለማትችል የዝላይ ሞተሩ ቢጠፋ የሚጎድልብህ ነገር የለም። ጋሻውና ገፊ ሞተሮቹ 1 ላይ ይሁኑ። መፍራት አያስፈልግም፤ ዕቃው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ መሣሪያውን ጣቢያ ደጃፍ ላይ ሳይሆን ራቅ ብለህ ባዶ ቦታ ላይ አውጣና ምን እንደጠፋ እይ።

ከመሣሪያ ውስጥ ደግሞ ኃይል የሚበላው የማያቋርጠው ጨረር ነው። የምት ሌዘር በጣም ይቆጥብልሃል።

ጥላ_ጠባቂ

ሁላችሁም ቺፍተንን ዘላችሁ አለፋችሁ። 19 ሚሊዮን ገደማ ናት፤ ከ60 ውስጥ 40 ይተርፋል። ሁለት ትልልቅ፣ አንድ መካከለኛ፣ ሦስት ትንንሽ መትከያ አላት። ማመንጫዋ 6 መጠን ነው፤ ስለዚህ የቫልቸር ቁጥር ማንበብና መጨነቅ እዚህ የለም፤ የወደድከውን ትገጥማለህ። ለብረት ማጠናከሪያና ለመሰል የመከላከያ ዕቃ የተለዩ ሦስት ወታደራዊ ክፍሎች አሏት። ጎን ለጎን ስትንሸራተት ከዚያ መጠን መርከብ አትጠብቀውም።

ብረት_ለበስ

ቺፍተን ጥሩ ናት፤ ግን ሙሉውን እንናገር። ጋሻዋ ደካማ ነው። የተሠራችው ጋሻው ከወደቀ በኋላ በብረቷ እንድትዋጋ ነው፤ ብረት ደግሞ በውጊያ መሃል ራሱን አይሞላም። ከእያንዳንዱ ከባድ ውጊያ በኋላ ጥገና ትሄዳለህ። ጋሻ ባልወደቀበት ጊዜ ግን ዕቃህ አይጎዳም፣ ጥይት እስኪያልቅ ማደን ትችላለህ። ይህ ልጅ የሚፈልገው ማዕድን ቀለበት ውስጥ ረጅም ሰዓት መቆየት ነው፤ ለእሱ ጋሻ ይሻለዋል።

በተጨማሪም የቺፍተን ውበት ያለው መርከቧን በራሱ የሚያረጋጋውን የበረራ ረዳት አጥፍቶ መንሸራተት ላይ ነው። በኪቦርድ ይቻላል፤ ይቻላል ማለት ግን ይመቻል ማለት አይደለም። አሥር ጣት ይዘህ አሥራ ሁለት ቁልፍ መጫን ነው።

ጥላ_ጠባቂ

ጋሽ ብረት_ለበስ፣ ስምህ ብረት ለበስ ሆኖ ጋሻ ስትሰብክ ማየት ያስቃል። የበረራ ረዳቱ በርቶም ቢሆን ከፈር-ደ-ላንስ ጋር እኩል ትዞራለች። ብረቷ ሲነካ ደግሞ የክፍል መከላከያ ጥቅል ከገጠምክላት ውስጧ ያለው ዕቃ ቶሎ አይበላሽም። ለጥገና መሄዱን እቀበላለሁ፤ ጥይትም መሙላት ስላለብህ የትም አይቀርልህም።

ብረት_ለበስ

የስሙን ነገር ተወው፤ ክርክርህ ግን አያንስም። እኔ ለዚህ ጠያቂ ቀዳሚ የማደርጋት ቫልቸርን ነው፤ ሁለተኛ ክሬትን። ክሬት ማርክ 2 ወደ 45.8 ሚሊዮን ናት፣ ሦስት ትልልቅና ሁለት መካከለኛ መትከያ አላት፤ ማመንጫዋ 7 መጠን ነው፣ 30 ሜጋዋት። ትንሽ ተዋጊ አውሮፕላን ማስወንጨፍ ትችላለች፤ ጠላት ተዋጊዋን ሲያባርር አንተ ከኋላው ትገባለህ። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተቀጠረው አብራሪ ከገቢህ ድርሻ እንደሚወስድ ግን አትርሳ። በመዞር ረገድ ከአራቱ ዘገምተኛዋ እሷ ናት፤ ጭነት መያዝና ራቅ ማለት ከፈለግህ ግን ሁሉንም ትሠራለች።

ደመነፍስ

እሺ፣ አጭር ስለጻፍኩ ያላሰብኩ መሰላችሁ።

ፈር-ደ-ላንስ አንድ ግዙፍ መትከያና አራት መካከለኛ አላት። ግዙፉ የተቀመጠው ከሆዷ ሥር ነው፤ እዚያ ላይ ፕላዝማ አክስሌሬተር የሚባለውን ከባድ መሣሪያ ወይም ግዙፍ መትረየስ ስትሰቅል አናኮንዳ የምትቀልጠው በጥቂት ምት ነው። የግዙፉ መትረየስ የመብሳት አቅም 68 ነው፤ ጨረቃ በነገረችህ ሒሳብ ከአናኮንዳ ብረት ይበልጣል፣ ምንም አይቀነስበትም። ጋሻዋ በመጠኗ ካሉት ሁሉ የታወቀ ነው፤ ስድስት የመገልገያ (የረዳት ዕቃ) መትከያ ስላላት ጋሻ ማጠናከሪያ በላይ በላዩ ትደረድርባታለህ፤ ሌሎቹ ሦስቱ አራት አራት ብቻ ነው ያላቸው። ሰዎች ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ሲዋጉ ደጋግመው የሚመርጧት በጭፍን አይደለም።

ጉድለቷን ደግሞ ራሴ ልናገር። ዝላይዋ አጭር ነው፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ 8 ቶን ብቻ ነው። ሩቅ የኮከብ ሥርዓት ላይ ውጊያ ካለ ስትዘል ውለህ ታድራለህ። ገንዘቡን በተመለከተ ብረት_ለበስ ትክክል ነው፤ አሁን አትግዛት፣ 120 ሚሊዮን ስትይዝ ግዛት። እኔ ያልኩት የትኛዋ ትበልጣለች ነው፤ እሱ የጠየቀው ግን የትኛዋን ልግዛ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ይህን አምናለሁ።

አዲስ_ጀማሪ

ይቅርታ፣ ክሩን ላቋርጥ። ኮርቬትና አናኮንዳስ? ትልልቆቹ ለምን አይነሱም? ፓይተን ማርክ 2 ደግሞ አዲስ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ።

ብረት_ለበስ

አናኮንዳ ወደ 147 ሚሊዮን፣ ፌዴራል ኮርቬት ወደ 188 ሚሊዮን ናቸው፤ ባዶ። ኮርቬት ለመግዛት በፌዴሬሽኑ ባሕር ኃይል የሪር አድሚራል ማዕረግ ያስፈልግሃል። ሁለቱም ትልቅ ማረፊያ ስለሚፈልጉ ትንንሾቹ የጠፈር ጣቢያዎች አያስተናግዷቸውም። ኮርቬት ሁለት ግዙፍ መትከያ አላት፤ ስትደርስባት ታያታለህ።

ፓይተን ማርክ 2 በ2024 የመጣች ናት፤ አራት መካከለኛና ሁለት ትልልቅ መትከያ ያላት እውነተኛ የጦር መርከብ ናት። ነገር ግን በዚህ በጀት ከፈር-ደ-ላንስም የባሰ ታሪክ ነው፤ 60 ሚሊዮን ባዶዋን ለመግዛት እንኳ አይበቃም።

ሰባተኛዋ_ጨረቃ

ስለ መርከቧ ብቻ እየተነጋገርን የአብራሪውን ነገር ረሳነው። ኮብራ_አብራሪ፣ የትኛዋንም ብትገዛ ይህን ካላደረግህ ልዩነቷን አታየውም።

ፍጥነትህን ሁልጊዜ ሙሉ አታድርገው። በፍጥነት መለኪያው መሃል አካባቢ ያለው ሰማያዊ ክፍል ላይ ስትሆን መርከብ በጣም ትዞራለች። ከኃይል ማከፋፈያው ያሉህ ስድስት ነጥቦች ናቸው፤ ለጋሻ፣ ለሞተርና ለመሣሪያ ትከፋፍላቸዋለህ፣ ለአንዱ ቢበዛ አራት። እየተተኮሰብህ ከሆነ አራቱን ለጋሻ ስጥ፤ ያን ጊዜ ጋሻው ከወትሮው በእጅጉ ይጠነክራል። ከጠላት ጀርባ ስትገባ ወደ መሣሪያ መልሳቸው። ይህን በየቅጽበቱ የሚቀያይር ቫልቸር፣ አንድ ቦታ ላይ ትቶት ከሚበርር ፈር-ደ-ላንስ የበለጠ ይቆያል። በኪቦርድ አራቱ የቀስት ቁልፎች ለዚህ ይበቃሉ።

አናኮንዳ ላይ ደግሞ ብረቷን በጅምላ አትምታ። ጋሻዋ ሲወድቅ የኃይል ማመንጫዋን ነጥለህ አነጣጥር፤ ማመንጫው ከተበላሸ መሣሪያዋ መጥፋት ይጀምራል፣ አንዳንዴ ሙሉዋ ትፈነዳለች። ሌዘር ለጋሻ፣ መትረየስ ለብረት፤ ይህን ታውቀዋለህ መሰለኝ።

ራሱን ወደ ዒላማ የሚያዞር መሣሪያ ከተጠቀምክ ጠላት የብረት ብናኝ ሲለቅ ይሳሳታል፤ የዚያን ጊዜ ዒላማውን ልቀቀውና ቀጥታ ተኩስ፤ መሣሪያው ወደ ፊት ብቻ ይተኩሳል።

ጥላ_ጠባቂ

ገና በምትጀምርበት ጊዜ ፖሊስ ያለበት ቀለበት ውስጥ አድን። አደገኛ በሚባለው ውስጥ ማንም አይደርስልህም። ፖሊስ ወንበዴውን ሲገጥመው ጠብቅ፣ ፈትሸህ ተፈላጊ መሆኑን አረጋግጥ፣ አንተም ተኩስበት፤ ጉዳቱ የአንተ ድርሻ ትንሽ ቢሆንም ሽልማቱ ይደርስሃል። ሳታረጋግጥ የተኮስክ እንደሆነ ግን ፖሊሱ ወደ አንተ ይዞራል። ጭነትም ይዘህ አትግባ፤ ወንበዴ ፈትሾህ ባዶ ከሆንክ ብዙ ጊዜ ይተውሃል።

ኮብራ_አብራሪ

ወሰንኩ፤ ቫልቸር። ልቤ ከፈር-ደ-ላንስ ጋር ቢቀርም እጄ ለእሷ ገና ነው፣ ኪሴም። ኮብራዬን አልሸጣትም፤ ጣቢያ ላይ ማቆየት አያስከፍልም። ለነገሩ በ1984ቱ የመጀመሪያው ኤሊትም ተጫዋቹ የሚያበርራት ኮብራ ማርክ 3 ነበረች፤ እንዴት እለያታለሁ?

ያሰብኩት ይህ ነው፦ ኤ ደረጃ ማመንጫ፣ ኤ ደረጃ ሞተርና ማከፋፈያ፣ ባለ 5 ጋሻ፣ አንድ ትልቅ የምት ሌዘር፣ አንድ ትልቅ መትረየስ፣ ሁለቱም ራሳቸውን የሚያዞሩ። ከዚያ ወታደራዊ የብረት ልባስ። ዳሳሾቹንና የሕይወት ድጋፉንም ወደ ኤ ላሳድጋቸው?

ሰባተኛዋ_ጨረቃ

አይ፣ ሁለቱን ዲ አድርጋቸው። ዲ ደረጃ ከሁሉም ቀላል ነው፤ ኃይልም ይቆጥባል፣ እና ቫልቸር ላይ እያንዳንዱ ቁጥር ዋጋ አለው። ጋሻውን ቶሎ የሚሞላውን ዓይነት ብታደርገው ለአንተ አካሄድ ይሻላል፤ አቅሙ ትንሽ ያንሳል፣ ግን በሁለት ውጊያ መሃል ቶሎ ይመለሳል።

የመትረየሱ ጥይት እንደሚያልቅ አስታውስ፤ ጋሻ ላይ አታባክነው። ሁለቱን መሣሪያዎች በተለያየ የመዳፊት ቁልፍ ላይ አድርግ።

ብረት_ለበስ

ከተረፈህ ገንዘብ ቢያንስ የብዙ ጊዜ መልሶ መግዣ አስቀምጥ። መርከቧና ዕቃዋ ተደምረው 20 ሚሊዮን ቢሆኑ አንዱ 1 ሚሊዮን ነው።

ቀስ እያልክ ደግሞ ዕቃ ወደሚያሻሽሉት መሐንዲሶች ሂድ። ቶድ ማክዊን የመትረየሱ ሰው ነው፤ እሱ የሚፈልገው ደግሞ አንተ የምትሠራውን ሥራ ነው፣ የወንበዴ ሽልማት። ሄራ ታኒ ማመንጫውን አቅሙን ከፍ ታደርግልሃለች፤ እሷ ጋ ከደረስክ የቫልቸር የኃይል ጭንቀት በአብዛኛው ያበቃል።

ደመነፍስ

120 ሚሊዮን ስትሞላ ና፤ የግዙፉን መትከያ ነገር ያኔ እንጨርሳለን።

ኮብራ_አብራሪ

እመጣለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የማዘዣ መፈተሻውን (የመርከቦችን ተፈላጊነት የሚያጣራውን) ልግጠም ወይስ ያቺን ትንሽ ኃይል ላትርፍ?

ሰባተኛዋ_ጨረቃ

ግጠመው። ሌላ ቦታ የተጣለባቸውን ሽልማት ስለሚያሳይህ ከአንድ ወንበዴ የምታገኘው ይጨምራል። ቅድሚያውን 3 ወይም 4 ላይ አድርገውና ኃይል ካጠረህ ከጋሻውና ከገፊ ሞተሮቹ በፊት እሱ ይጥፋ። የምታገኛቸውን የሌላ አገዛዝ ሽልማቶች እዚያው ማስከፈል ካልቻልክ ኢንተርስቴላር ፋክተርስ የሚባለው አገልግሎት ያለበት ጣቢያ ይከፍልሃል፤ 25 በመቶ ይቆርጣል።